ሃይብሪድ ፒካፕ እየነዳሁ የካምፒንግ ባትሪዬን እንዴት ልሙላ? (ደሴ–ኮምቦልቻ–ባቲ)

ጦሳ ሥር | ደሴ

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በግሌ ነው የምሠራው። ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፣ ሥራዬ ግን ገጠር ነው። ተሁለደሬ፣ ወረባቦ፣ ቃሉ፣ አንዳንዴም ባቲ እወርዳለሁ። የዶሮ ፈንግል ክትባት፣ የበግና የፍየል ክትባት ይዤ ነው የምዞረው። ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ለዚህ ብዬ በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ የመኪና ፍሪጅ ገዛሁ። እሷን የሚያሠራ የካምፒንግ ባትሪም ገዛሁ፤ 1024 ዋት-ሰዓት ይላል፣ ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው። መኪናው የወንድሜ ነው። ደብል ጋቢና ፒካፕ፣ ናፍጣ፣ ሃይብሪድ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር እሁድ ከሰዓት ወደ ባቲ ወረድኩ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከየቀበሌው ሰው ይመጣል። ደሴ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ባትሪው 41 ፐርሰንት ላይ ነበር። «ግድ የለም፣ እየነዳሁ ይሞላል» ብዬ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሰካሁት። 2 ሰዓት ያህል ነዳሁ። ባቲ ስደርስ 46 ፐርሰንት ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነድቼ 5 ፐርሰንት! አዳሬን ያደርሰኛል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስከፍት ባትሪው ሞቷል፣ ፍሪጇ 12 ዲግሪ ናት።

ክትባቱን ጣልኩት። ሙቀት የነካውን ክትባት ሰጥቼ «ተከተበ» ብዬ መሸኘት አልችልም። አንዲት እናት 11 ዶሮ በቅርጫት አድርገው፣ ላዩን በነጠላ አስረው፣ ከሌሊት ጀምረው በእግራቸው መጥተው ነበር። ነጠላውን ፈትተው እያሳዩኝ «ይቺ ቀይዋ እንቁላል ጣይ ናት፣ መጀመሪያ ለእሷ» አሉኝ። ዛሬ የለም ስላቸው ምንም አልተናገሩም። መልሰው አሰሩትና ሄዱ።

ስለዚህ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ሃይብሪድ መኪና ራሱ ትልቅ ባትሪ አለው አይደል? ለምን የእኔን ትንሽ ባትሪ መሙላት አቃተው? ምን ላድርግ?

ቦርከና | ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። ይሄ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

መጀመሪያ የሶኬቱን ልክ እወቂ። የሲጋራ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የ10 ወይም የ15 አምፒር ፊውዝ ነው ያለው። የካምፒንግ ባትሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በዚያ መስመር 8 አምፒር አካባቢ ብቻ ነው የሚስቡት። 8 ሲባዛ በ12 ማለት ወደ 100 ዋት ነው። 1024 ዋት-ሰዓት በ100 ዋት ለመሙላት ከ10 ሰዓት በላይ መንዳት አለብሽ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነድተሽ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ፍሪጇ በዚያው ባትሪ ላይ እየሠራች ነበር አይደል? የገባውን ግማሽ እሷ በልታዋለች።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። መኪናው የትኛው ዓይነት ሃይብሪድ ነው? ሌሊት ከፍሪጇ ሌላ ባትሪው ላይ የሰካሽው ነገር ነበር?

ጦሳ ሥር | ደሴ

አመሰግናለሁ ቦርከና። ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፣ 48 ቮልት የሚሉት። ስቆም ሞተሩ ራሱ ይጠፋል፣ ፍሬን ስለቅ ይነሣል።

ሌሊት ላፕቶፔን ሰክቼ ነበር፣ በባትሪው የ220 ቮልት ሶኬት። 3 ሰዓት ላይ ነቅዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፍሪጇ ብቻ ነበረች።

አንድ ነገር ደግሞ አሁን ትዝ አለኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስወርድ የባትሪው ስክሪን ላይ «ገቢ» የሚለው ቁጥር አንዳንዴ 97፣ አንዳንዴ 0 ይል ነበር። ስለቆመ ሞተር መስሎኝ ነበር።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

አገኘሁት። ላፕቶፑን ነቀልሽ እንጂ የ220 ቮልቱን ቁልፍ አላጠፋሽም። ልክ ነኝ?

ያ ቁልፍ በርቶ ሲያድር ውስጡ ያለው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ) ምንም ሳይሰካበት ራሱ ይበላል። እንደ ባትሪው ይለያያል፣ ግን 10፣ 15፣ 20 ዋት ይሄዳል። 15 ዋት ከ3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ በ9 ሰዓት ተኩል፣ ወደ 142 ዋት-ሰዓት ነው፤ ያንቺን ባትሪ ሰባተኛ የሚሆነውን ማለት ነው። ፍሪጅሽ በ12 ቮልት ነው የምትሠራው፣ ኢንቨርተሩ ለእሷ አያስፈልግም። እንቅልፍ ከመተኛትሽ በፊት ያን ቁልፍ አጥፊ።

0 የሚለው ደግሞ ሞተሩ አይመስለኝም። መሰኪያው ነው። የሲጋራ መሰኪያ ጫፉ ላይ ስፕሪንግ አለው፣ መኪናው በተናጠ ቁጥር ወደ ኋላ ይገፋዋል። ባይናችን ሳናየው ግማሽ ሚሊ ይወጣል፣ ያኔ ይቋረጣል። እኔ ራሴ በጣቴ ደግፌ ይዤ የነዳሁበት ቀን አለ።

ጦሳ ሥር | ደሴ

ወላሂ አሁን ሄጄ አየሁት። ቁልፉ አሁንም በርቷል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለት ነው።

ሰኞ ገበያ 22 | ደሴ

ለምን አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ገዝተሽ ከመኪናው ባትሪ ጋር አታገናኚም? ከዚያ የባትሪውን የቤት ቻርጀር ሰክተሽ ትሞይዋለሽ። እኔ የማውቀው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ጋሽ ዲናሞ | ኮምቦልቻ

ልጆች፣ ቀስ እንበል። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ 26 ዓመት ሆነኝ። የሰኞ ገበያው ሐሳብ ይሠራል፣ ግን ኪሳራ አለው። 12 ቮልቱን 220 ታደርገዋለህ፤ የባትሪው ቻርጀር ደግሞ 220ውን መልሶ ያወርደዋል። ሁለት ጊዜ ስትቀይር በየመንገዱ ይፈስሳል። ፈሶ የቀረው ሙቀት ይሆናል። መኪና ውስጥ ሙቀት ጠላት ነው። በዚያ ላይ የቤት ቻርጀሩ አንዳንዱ 1000 ዋት ይጎትታል። ይህን ከ12 ቮልት ልሳብ ካልክ ከ80 አምፒር በላይ ነው። ማን ሊሸከመው?

አሁን ልጄ፣ የአንቺን መኪና ላስረዳሽ። የድሮ መኪና ዲናሞ አለው። ሞተር ሲዞር ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል። ሃይብሪድ ላይ ግን ያ ዲናሞ የለም። ያንቺ ሃይሉክስ ላይ በቺንጋ የሚዞር ሞተርም ጄኔሬተርም የሆነ ዕቃ አለ፤ እሱ የሚሞላው የ48 ቮልቱን ባትሪ ነው። የ48 ቮልቱ ባትሪ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ 7.6 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። «ትልቅ ባትሪ አለው» ያልሽው ለዚህ መኪና አይሠራም። መኪናዋን ለማስነሣትና ለማገዝ እንጂ ለፍሪጅ የተሠራ አይደለም።

ከ48ቱ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ሌላ ዕቃ አለ፤ ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር ይባላል። መብራቱን፣ ሬድዮውን፣ የሲጋራ ሶኬቱን የሚመግበው እሱ ነው። ስለዚህ ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ቢጠፋም 12 ቮልቱ አይቋረጥም፤ ከ48ቱ ይወርዳል። ቦርከና እንዳለው ነው፣ 0 ያለሽ መሰኪያው ነው።

መፍትሔው አንድ ነው። ከፊት ካለው ከ12 ቮልቱ ባትሪ የራሱ ወፍራም ገመድ ወደ ኋላ ወንበር ይዘረጋል። መሐሉ ላይ ለካምፒንግ ባትሪ የሚሆን የመኪና ቻርጀር ይገባል። ይህ ቻርጀር 12 ቮልቱን ወደ 40 ወይም 50 ቮልት ከፍ አድርጎ በባትሪሽ የሶላር መግቢያ ያስገባል። የሶላር መግቢያው ከሲጋራው መስመር ብዙ እጥፍ ይቀበላል። ባትሪሽ ስንት ቮልትና ስንት አምፒር እንደሚቀበል ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ያን ሳታነቢ ምንም አትግዢ። ከዚያ ያለፈ ቮልት ከገባ ባትሪው ይቃጠላል።

እኔ ላንቺ የምመክርሽ 300 ዋት ነው። 500ና 800ም አለ። ግን ማታ መብራት አብርተሽ፣ ማራገቢያ ከፍተሽ፣ ዝናብ ጠራጊ እየሠራ፣ ኮንቨርተሩን እስከ ጥግ ማስጨነቅ አይገባም። የወንድምሽ መኪና ነው።

አሁን ጥንቃቄ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም።

ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ነው የሚገባው፣ በአንድ ስንዝር ርቀት። ኋላ ወንበር ጋ ያለ ፊውዝ ለገመዱ ምኑም አይደለም። ገመዱ መሐል ላይ ተልጦ ሻንሲ ቢነካ የሚያድነው የፊቱ ፊውዝ ብቻ ነው። ለ300 ዋት 40 አምፒር ይበቃል።

ኔጋቲቩን ባትሪው ራስ ላይ አትሰሪው። አዳዲስ መኪኖች ኔጋቲቩ ላይ የሚገባና የሚወጣውን የሚቆጥር ሴንሰር አላቸው። ሻንሲ ላይ እሰሪው፣ ቀለሙ ተፍቆ፣ ካፒኮርዳው (የገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባው ማሰሪያ ብረት) በደንብ ተጨምቆ።

ቻርጀሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ እንዲሠራ የሚያዝ ቀጭን ሽቦ አለው። እሱን ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት ከሚያገኝ ፊውዝ ጋር አገናኙት። ካልሆነ መኪናው ቆሞ ሳለ የ12 ቮልቱን ባትሪ መጦ ይጨርስብሻል፤ ጠዋት አይነሣም።

የ48 ቮልቱን ምንም አትንኩ። ሌሎች ሃይብሪዶች ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ያ ሰው ይገድላል።

የገደል ሜዳ መምህር | ደሴ

ጋሽ ዲናሞ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደ እርስዎ የሚያስረዳ ቢበዛ ጥሩ ነበር። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ገመዱ ውፍረት ቁጥር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው «ወፍራም» ሲባል የየራሱን ነው የሚያስበው።

300 ዋት ለማግኘት ከ12 ቮልቱ በኩል ወደ 24 አምፒር ይሳባል። ከኮፈን እስከ ኋላ ወንበር 4 ሜትር ቢሆን ሄዶ መመለሱ 8 ሜትር ነው። ለቤት ሶኬት የምንዘረጋውን ባለ 2.5 (ስኩዌር ሚሊ ሜትር) ገመድ ብትጠቀሚ 1.3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ 32 ዋት ገመዱ ላይ ሙቀት ይሆናል። ባለ 10 ብታደርጊው የሚቀረው 0.3 ቮልት ነው። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ብልቃጥ ክትባት ጋር አይወዳደርም።

አሁን ደግሞ እኔን የሚያስደስተኝ ጉዳይ። ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ሃይብሪድ ቁልቁለት ላይ ራሱን ይሞላል ይባላል። ስንት እንደሆነ አስልቼዋለሁ። ቀለል ያለ ጭነት የያዘ ፒካፕ 2200 ኪሎ ቢሆን፣ ከሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪገባ የሚለቀው ጉልበት 3.6 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ያንቺን ባትሪ ሦስት ጊዜ ተኩል የሚሞላ ጉልበት! በየቀኑ በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሸራ እያጋልን የምንጥለው እሱን ነው።

ሁሉም ግን አይያዝም። ጎማና ንፋስ ይወስዳሉ። የ48 ቮልቱ ባትሪ ትንሽ ስለሆነ ሐረጎን ሳንጨርስ ይሞላል። ከሞላ በኋላ የሚመጣው ጉልበት የሚሄድበት የለውም፤ በማርሽና በፍሬን ይባክናል። ታዲያ ልክ በዚያ ሰዓት ኋላ ወንበር ላይ 300 ዋት የሚጠጣ ባትሪ ቢኖርስ? ጄኔሬተሩ ለእሱ ይሠራል። በማርሽ ሲወርድ ናፍጣው ስለሚቆረጥ ያ 300 ዋት ከሞላ ጎደል በነፃ ነው። ለግማሽ ሰዓት 150 ዋት-ሰዓት። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የፍሪጇ የአራት ሰዓት ቀለብ ነው።

ስትመለሺ ሐረጎን ስትወጪ ግን ትከፍያለሽ። 300 ዋት ለአንድ ሰዓት ለማመንጨት ከአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ ትንሽ የሚበልጥ ናፍጣ ይበቃል። ይህም ቢሆን ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ተሸክሞ ከመዞር የተሻለ ነው።

ጦሳ ሥር | ደሴ

መምህር፣ ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስወጣ ስወርድ እንዲህ አስቤው አላውቅም። ከቁልቁለቱ በታች ፍሬን የሚሸት መኪና ሁልጊዜ ነው የምናየው።

ለጋሼ አንድ ጥያቄ። ባትሪዬ ጎን «ከ11 እስከ 60 ቮልት፣ ከፍተኛ 500 ዋት» ይላል የሶላር መግቢያው። ይሆናል?

ጋሽ ዲናሞ | ኮምቦልቻ

ይሆናል ልጄ። የቻርጀሩ መውጫ ከ60 በታች መሆኑን አይተሽ ግዢ። ስትገዢ ደውዪልኝ ልል ነበር፣ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ለሌላውም ይጠቅማል።

የወይራ አምባ ልጅ | ሚኒሶታ

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እዚህ የፎርድ ኤፍ 150 ሃይብሪድ ነው የምነዳው። የእኔ ከፋብሪካው የጭነት ቦታው ላይ ሶኬት አለው፤ መደበኛው 2.4 ኪሎዋት፣ ተጨማሪ ከፍለው ካዘዙት 7.2 ኪሎዋት ይሰጣል። የካምፒንግ ባትሪዬን እየነዳሁ በቀጥታ እሰካዋለሁ፣ በሁለት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ «ሃይብሪድ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። የእህታችን መኪና ሌላ ነገር ነው። ከቻይና የመጣው ቢዋይዲ ሻርክ ደግሞ በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ነው፤ ባትሪው ወደ 30 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፣ ለውጭ ዕቃ መብራት ይሰጣል። እንደዚያ ያለ መኪና ያለው ሰው ይህ ሁሉ ገመድ አያስፈልገውም።

የጻፍኩት ግን ለሌላ ነገር ነው። ከዚህ ለዘመድ የካምፒንግ ባትሪ መላክ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ሁለት ነገር እወቁ። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊትየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይፈቀድም፣ በእጅም በሻንጣም። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። 1000 ዋት-ሰዓቱን በሻንጣ ልላክ የሚል ካለ ኤርፖርት ላይ ይቀርበታል።

ሁለተኛ፣ የአሜሪካው የሚሰጠው 120 ቮልት ነው። አገር ቤት ያለ ዕቃ 220 ነው። መሙያውም ቢሆን ጽሑፉ «ከ100 እስከ 120» ብቻ ካለ ደሴ ግድግዳ ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል። ለአጎቴ ልጅ አንድ ትንሽ መሙያ እንዲህ አቃጥያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጽሑፉን አላነበብኩም።

ሐርቡ ማዞሪያ | ኮምቦልቻ

ጋሽ ዲናሞ ስለ ፊውዝ ያሉትን በቁም ነገር ውሰዱት። የእኔን ልንገራችሁ።

ለሠርግ ሙዚቃ እጫወታለሁ። ስፒከሬን ለማሠራት አንድ ባለ 600 ዋት ኢንቨርተር ፒካፔ ውስጥ አስገጠምኩ። የገጠመልኝ ሰው የቤት ገመድ፣ ባለ 2.5 ነው የዘረጋልኝ። ፊውዝ አልነበረውም። «ችግር የለም» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ወደ ከሚሴ እየሄድኩ ሐርቡን ሳልፍ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከፊት ያለ የጭነት መኪና ነው ብዬ መስኮት ዘጋሁ። ሽታው ባሰ። ስቆም የቀኝ እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ቡናማ ሆኗል። ጫማዬን ሳነሣ ሶሉ ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ እንደ ማስቲካ ተጎተተ። ገመዱ በሩ ሥር ተጫምቆ ነበር ያለፈው። ልጄ ኋላ ወንበር ተኝታ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ በፒንሳ ቆረጥኩት።

የገደል ሜዳ መምህር | ደሴ

እግዚአብሔር አተረፋችሁ። 600 ዋት ማለት 50 አምፒር ነው። በዚያ ገመድ ላይ 140 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ያ ሁሉ ምንጣፍ ሥር ታፍኖ። ልጅህ ደህና በመሆኗ ደስ ብሎኛል።

አርዲቦ | ተሁለደሬ

የሙያ ባልደረባሽ ነኝ እህቴ፣ እኔም እንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ኤሌክትሪኩ ጋሽ ዲናሞ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ክትባቱ ልናገር።

ሁሉንም ነገር በባትሪ ላይ አትጣይ። ፍሪጇ ውስጥ ሁለት ሦስት እሽግ በረዶ (ውሃ ተሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ የሚቀዘቅዘውን) አድርጊ። ቀድመው ከፍሪዘር ከወጡ በኋላ ላብ እስኪያወጡና ውስጣቸው ያለው ውሃ ሲነቀነቅ እስኪሰማ ድረስ ጠብቂ፣ ከዚያ አስገቢ። ቀጥታ ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ብልቃጡን ከነካው አንዳንዱን ክትባት በረዶ ያደርገዋል፤ በአሉሚኒየም የተዘጋጁት ክትባቶች አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ አለቀላቸው። ሙቀት ብቻ አይደለም የሚገድለው። እሽግ በረዶው ባትሪው ቢሞትብሽ ብዙ ሰዓት ይገዛልሻል። የዚያን ሌሊት ቢኖርሽ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር።

የሙቀቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚመዘግብ ትንሽ ቴርሞሜትር አስገቢ። ጠዋት ስትከፍቺ 6 ዲግሪ ቢያሳይሽ ሌሊት ስንት እንደደረሰ አታውቂም። እሱ ይነግርሻል።

ለመንደር ዶሮ ደግሞ ሙቀት የሚችለው፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጠው የፈንግል ክትባት ሲገኝ እሱን ምረጪ። ደስታ መሰል ለሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ክትባት ግን ቅዝቃዜውን ጠብቂለት።

ሰኞ ገበያ 22 | ደሴ

ትምህርት ነው ያገኘሁት፣ አመሰግናለሁ። ለዚያ ለማውቀው ሰውም ይህን ውይይት ልኬለታለሁ፣ የእሱም ገመድ ቀጭን ነው።

ጦሳ ሥር | ደሴ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ቃል ስለገባሁ ቁጥሩን አምጥቻለሁ።

300 ዋት ቻርጀር ገዛሁ። ገመዱ ባለ 10 ነው። የመጀመሪያው ሱቅ ባለ 10 ብሎ የሸጠልኝ ውስጡ ሲታይ መዳቡ ግማሽ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ነበር ወፍራም። መልሼ ሌላ ቦታ ገዛሁ። ስትገዙ ጫፉን አስልጣችሁ መዳቡን እዩ፣ ከላይ በማየት አትመኑ። ጋራዥ ወስጄ አስገጠምኩ። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ላይ ነው፤ ሠራተኛው ኋላ ላድርገው ሲል ይህን ውይይት አወጣሁና አነበብኩለት።

ባለፈው እሁድ ሆን ብዬ ባትሪውን 38 ፐርሰንት ላይ አድርጌ ከደሴ ተነሣሁ። ዶሮ መዝለያን አልፌ ቁልቁለቱን ስይዝ ስክሪኑ ላይ «ገቢ 294» ይላል። አንድም ጊዜ 0 አላለም። ኮምቦልቻ ስገባ 50 ደርሷል። ባቲ 2 ሰዓት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው ገባሁ፣ 86 ፐርሰንት። ፍሪጇ መንገዱን ሁሉ እየሠራች ነው ይህ ሁሉ። ማታ የ220ውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አየሁት፣ ጠፍቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል 39 ፐርሰንት። ቴርሞሜትሩ የሌሊቱን ከፍተኛ 5 ዲግሪ ይላል።

እናትዬዋ መጡ። ቅርጫቱ ያው ነው፣ ዶሮዎቹ ግን 9 ናቸው። ሁለቱ ሞተውባቸዋል፣ ቀይዋ አለች። መጀመሪያ ለእሷ ጠብ አደረግኩላት።

ጋሼ፣ መምህር፣ ቦርከና፣ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ባቲ እኩለ ቀን ላይ ባትሪው ስክሪን ላይ የቴርሞሜትር ምልክት አወጣና ገቢው ወደ 90 ወረደ። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆይቶ ገና ማስነሣቴ ነበር። ይህ ምንድን ነው?

ጋሽ ዲናሞ | ኮምቦልቻ

ማሻአላህ ልጄ። እንዲህ ቁጥር ይዞ የሚመለስ ሰው ደስ ይለኛል።

ያ ምልክት ባትሪው ራሱን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ያለ ሊትየም ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሆን መሞላት አይፈልግም፣ ከ0 በታችም አይቀበልም። ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ ጋቢና ከ60 ያልፋል። አልተበላሸም፣ አትፍሪ። ከማስነሣትሽ በፊት አራቱንም በር ከፍተሽ አሥር ደቂቃ አናፍሺው። ባትሪውን ከመስኮቱ ሥር አንሥተሽ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አድርጊው፣ ላዩን ምንም አትደርቢበት፤ ማራገቢያው በጎኑ ነው የሚተነፍሰው። የጭነት ቦታው ላይ ሸራ ሥር እንዳታደርጊው ደግሞ፣ የባቲ አቧራ ይገባበታል።

ጦሳ ሥር | ደሴ

እሺ ጋሼ። ከወንበሩ ጀርባ ለካሁት፣ በቀበቶ ሲታሰር ልክ ይገባል።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

ስታስሪው የማራገቢያውን ጎን ወደ መተላለፊያው አዙሪው። በሚቀጥለው ጊዜ ኮምቦልቻ ስታልፊ ንገሪኝ፣ ካፒኮርዳዎቹ ከመናጡ ላልተው እንዳይሆን በቴስተር አይልሻለሁ። ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጊዜ ማጥበቅ ያስፈልጋል።